ፓርቲ ሲፈርስ የሚነሱ መሪዎች፦ ቅሬታና የኑሮ ልዩነት በላቲን አሜሪካ ምርጫዎች

ላቲን አሜሪካ በዓለም ላይ የሀብት ልዩነት እጅግ ከሰፋባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። ከ1990 ወዲህ ደግሞ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለፖለቲካው እንግዳ የሆኑ፣ ወይም እንግዳ ነን የሚሉ ሰዎች ነባር ፓርቲዎችን አሸንፈው ደጋግመው ቤተ መንግሥት ገብተውባታል። ፔሩ በ1990 አልቤርቶ ፉጂሞሪን፣ ቬኔዝዌላ በ1998 ሁጎ ቻቬዝን፣ ቦሊቪያ በ2005 ኢቮ ሞራሌስን፣ ኢኳዶር በ2006 ራፋኤል ኮሬያን፣ ብራዚል በ2018 ዣይር ቦልሶናሮን፣ ኤል ሳልቫዶር በ2019 ናይብ ቡኬሌን፣ አርጀንቲና በ2023 ሃቪዬር ሚሌይን መርጠዋል። እነዚህን ሁለት እውነቶች አያይዞ፣ ልዩነቱ ሕዝቡን አስቆጣ፣ ቁጣውም እንግዳ መሪ ወለደ ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚባለው ይኸው ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ቀሪው ግማሽ የሚገኘው፣ ልዩነቱ ለዘመናት ሲኖር እንግዳ መሪ በየጊዜው ያልተነሣው ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነው። መልሱ ከሀብት ክፍፍሉ ይልቅ ወደ ፓርቲዎቹ ይመራል።

እንግዳው ማን ነው

የፖለቲካ ሳይንቲስቱ ሮበርት ባር በ2009 ባወጣው ጥናት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት እንደሚገባ አመልክቷል፤ አንድ እጩ ከየት መጣ፣ ምን ይላል፣ ከመራጩ ጋር የሚገናኘውስ እንዴት ነው? ፉጂሞሪ በትክክልም ከውጭ የመጣ ነበር፤ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት እንጂ የፓርቲ ሰው አልነበረም። ቻቬዝ የመጣው ከጦር ሰፈር፣ ያውም ከከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት ነው። ቡኬሌ ግን ሁለት ጊዜ ከንቲባ የሆነው በነባሩ የግራ ፓርቲ ስም ሲሆን ፓርቲው በ2017 አባረረው። ቦልሶናሮ ደግሞ ፓርቲ እየቀያየረ 27 ዓመት በምክር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል። በ2023 ኢኳዶርን የተረከበው ዳንኤል ኖቦአ አባቱ ከአገሪቱ ቀዳሚ ባለጸጎች አንዱና ለፕሬዝዳንትነት ደጋግመው የተወዳደሩ ናቸው።

ስለዚህ እንግድነት የትውልድ ወይም የሥራ ታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መራጩ የሚፈልገው ከደሀ ቤት የወጣ ሰው ሳይሆን ከተጠላው ቡድን ጋር ያልተነካካ ሰው ነው፤ ወይም እንዳልተነካካ አድርጎ ራሱን ማሳየት የሚችል። ሚሌይ ነባር ፖለቲከኞችን ሁሉ በአንድ ስም፣ የተለየ መደብ እንደ ማለት፣ «ካስታ» ብሎ ሲጠራቸው የራሱን ቦታም በዚያው ቃል አበጅቷል። ከዚህ ቃል ውጭ የቆመ ሁሉ የእሱ ወገን ይሆናል።

የሀብት ልዩነቱ የሚያስረዳውና የማያስረዳው

የአካባቢው ልዩነት ሥሩ ረጅም ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን በጥቂት ቤተሰቦች እጅ የገባው መሬት፣ የባሪያ ሥራ፣ የነባሩ ሕዝብ ጉልበት፣ ከዚያም ለከተሜው ብቻ የደረሰ ትምህርት አንድ ላይ የሠሩት ነው። እንዲህ ሳይናወጥ የኖረ ነገር ግን በ1998 ወይም በ2018 ድንገት የሆነውን ለማስረዳት ብቻውን አይበቃም። ይባስ ብሎም ቁጥሮቹ አንዳንዴ ወደ ተቃራኒው ይጠቁማሉ። የገቢ ልዩነት በሚለካበት የጂኒ መለኪያ (ዜሮ ሙሉ እኩልነት፣ አንድ ሙሉ ልዩነት ነው) ብራዚል በምዕተ ዓመቱ መባቻ 0.59 ገደማ የነበረች ሲሆን በ2014 ወደ 0.52 አካባቢ ዝቅ ብላ ነበር። ቦልሶናሮ የተነሣው ልዩነቱ ከጠበበባቸው ዓመታት በኋላ ነው። ኤል ሳልቫዶር ቡኬሌን ስትመርጥ መለኪያዋ 0.39 ገደማ ነበር፤ በላቲን አሜሪካ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ። አርጀንቲናም በአካባቢው ሚዛን ከተሻሉት ወገን ናት።

ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን በ1973 ያቀረበው ምሳሌ እዚህ ላይ ይረዳል። በዋሻ ውስጥ ሁለት ረድፍ መኪኖች ቆመዋል፤ አንደኛው ረድፍ ሲንቀሳቀስ የቆመው ረድፍ ሾፌር ተራዬ ደረሰ ብሎ ደስ ይለዋል። ጎረቤቱ እየሄደ እሱ ባለበት ሲቀር ግን ደስታው ወደ ንዴት ይለወጣል፤ ደንብ ጥሶ ለመታጠፍም ይዳዳዋል። ልዩነትን ሰዎች የሚታገሡት ነገ ለእኔም ይደርሰኛል ብለው እስካመኑ ድረስ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ አደገኛው ወቅት ደሀው ከሁሉ የደኸየበት ቀን ሳይሆን ተስፋው የተቆረጠበት ቀን ነው።

ይህም ቢሆን ቁጣውን እንጂ የቁጣውን መድረሻ አያስረዳም። የተቆጣ ሰው ምርጫ ሊተው፣ አደባባይ ሊወጣ፣ ሊሰደድ፣ ወይም ለተቃዋሚ ፓርቲ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ተቃዋሚው ፓርቲም የዚያው ሥርዓት አካል ነው ብሎ ሲደመድም ነው እንግዳ የሚፈልገው። ላቲኖባሮሜትሮ የተባለው ከ1995 ጀምሮ በአካባቢው የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ተቋም፣ ዴሞክራሲ ከየትኛውም ሥርዓት ይሻላል የሚሉ ሰዎች ብዛት በ2010 ከነበረበት 63 በመቶ በ2023 ወደ 48 በመቶ መውረዱን መዝግቧል። ከፓርላማም ከፍርድ ቤትም በታች፣ በመተማመን ደረጃ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀመጡት ፓርቲዎች ናቸው።

ቬኔዝዌላ፦ የስምምነቱ ዋጋ

ፓርቲዎች እንዴት እንደሚፈርሱ ለማየት ከቬኔዝዌላ የተሻለ ምሳሌ የለም። አምባገነኑ ማርኮስ ፔሬዝ ሂሜኔዝ በወደቀበት በ1958 ዋና ዋናዎቹ ፓርቲዎች በፑንቶ ፊኾ ተስማሙ፤ ያሸነፈው ይገዛል፣ የተሸነፈው አይገለልም፣ የነዳጁ ገንዘብ ለሁሉም ይዳረሳል። ስምምነቱ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ሠራ። ብዙ የአካባቢው አገሮች በወታደራዊ አገዛዝ ሲማቅቁ ቬኔዝዌላ በምርጫ ሥልጣን ታፈራርቅ ነበር። ከ1973 እስከ 1988 በተካሄዱት ምርጫዎች አክሲዮን ዴሞክራቲካና ኮፔይ የተባሉት ሁለቱ ፓርቲዎች ከፕሬዝዳንታዊው ድምፅ ዘጠኝ አሥረኛውን ያህል ይከፋፈሉት ነበር። ሠራተኛ ማኅበሩ የፓርቲው ነው፤ ሥራ የሚገኘው፣ ቤት የሚሰጠው፣ ብድር የሚፈቀደው በፓርቲ መታወቂያ ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው በነዳጅ ዋጋ ላይ ነበር። በየካቲት 1983 የአገሪቱ ገንዘብ የቦሊቫር የምንዛሪ ዋጋ ሲወድቅ ድግሱ ማለቁን የተረዱ ሁሉ ተረዱ። በ1988 ካርሎስ አንድሬስ ፔሬዝ ያለፈውን የጥጋብ ዘመን የሚመልሱ መስለው ተመረጡ፤ ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ ግን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር የተስማሙበትን የቁጠባ ፕሮግራም አወጁ። የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ የአውቶቡስ ታሪፍም ተከተለ። የካቲት 27 ቀን 1989 ማለዳ ከካራካስ ወጣ ብላ በምትገኘው በጓሬናስ የጀመረው ተቃውሞ ዋና ከተማዋን አጥለቀለቀ፤ ሱቆች ተዘረፉ፣ ሠራዊቱ በድሀ ሠፈሮች ላይ ተኮሰ። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር ከ270 በላይ ነው።

ጃና ሞርጋን የተባለች ተመራማሪ በ2011 ባሳተመችው መጽሐፍ ፓርቲዎች ከሕዝብ ጋር በሦስት ገመድ እንደሚተሳሰሩ ታስረዳለች፤ በሐሳብ፣ የማኅበረሰብ ክፍሎችን በማቀፍ፣ በጥቅም። አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዛል። በቬኔዝዌላ ሦስቱም በአንድ ወቅት ተበጠሱ። ሁለቱ ፓርቲዎች አንድ ዓይነት የኢኮኖሚ መርሐ ግብር ስለደገፉ በሐሳብ የሚለያዩበት ነገር ጠፋ። በጉሊትና በጎዳና ሥራ የሚተዳደረው ብዙኃኑ ከሠራተኛ ማኅበሩ ውጭ ስለነበር የሚያቅፈው አልነበረም። ለደጋፊ የሚታደለው ገንዘብም አለቀ።

ሌተና ኮሎኔል ቻቬዝ የካቲት 4 ቀን 1992 መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከሸፈበት። ጓደኞቹ እጅ እንዲሰጡ በቴሌቪዥን እንዲናገር ሲፈቀድለት በአንድ ደቂቃ ገደማ ንግግር ዓላማችን «ለጊዜው» አልተሳካም አለ፤ ለሽንፈቱም ኃላፊነቱን በግሉ ወሰደ። ጥፋቱን የሚያምን ባለሥልጣን ለማያውቅ ተመልካች ያቺ ደቂቃ ከአሥር ዓመት የፓርቲ ሥራ በልጣ ተገኘች። በ1993 የሁለቱ ፓርቲዎች ድምፅ በአንድነት ከግማሽ በታች ወረደ። በ1998 የነዳጅ ዋጋ በበርሜል ወደ 10 ዶላር አካባቢ ሲወርድ ኮፔይ የቀድሞዋን ሚስ ዩኒቨርስ ኢሬኔ ሳኤዝን ደገፈ፤ ድጋፉ ራሱ ተወዳጅነቷን ገደለው። ምርጫው ሲቃረብ ሁለቱም ፓርቲዎች የየራሳቸውን እጩ ትተው ሌላ ሰው ደገፉ። ቻቬዝ 56 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ያን ዕለት ደሀ ብቻ ሳይሆን መካከለኛው መደብም መርጦታል፤ ድጋፉ በሀብት መስመር የተከፈለው በኋላ ነው።

ፔሩ፦ የማይታወቀው ሰው

የፔሩ ውድቀት ፈጣንና ደም የበዛበት ነው። በ1980 ከአያኩቾ ደጋማ መንደሮች የተነሣው የማኦ ርዕዮት ተከታይ አማፂ ቡድን «አንጸባራቂው ጎዳና» አገሪቱን ወደ ጦርነት አስገባት፤ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽኑ በ2003 የሟቾቹንና የጠፉትን ቁጥር 69,000 ገደማ ሲያደርሰው፣ ከአራቱ ሦስቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኬችዋ ወይም ሌላ የነባር ሕዝብ ቋንቋ የሆነ መሆናቸውን ገልጿል። የሊማ ነዋሪ ይህን ያህል ሰው ማለቁን አለማወቁ ስለ አገሪቱ የልዩነት ዓይነት ከየትኛውም የገቢ መለኪያ የበለጠ ይናገራል። በዚህ ላይ የፕሬዝዳንት አላን ጋርሲያ መንግሥት የገንዘብ ኅትመቱን ለቀቀው፤ በ1990 የዋጋ ንረቱ ከ7,000 በመቶ አለፈ። ደመወዝ የተቀበለ ሰው በዚያው ሰዓት ሩዝና ዘይት ካልገዛ ምሽት ላይ ገንዘቡ ወረቀት ነው።

ምልክቱ ቀድሞ ታይቷል። በኅዳር 1989 የሊማን ከንቲባነት ያሸነፈው ሪካርዶ ቤልሞንት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለፕሬዝዳንትነት የቀረበው ዝነኛው ደራሲ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳም ፖለቲከኛ አልነበረም፤ በ1987 ጋርሲያ ባንኮችን ሊወርሱ ሲነሡ ተቃውሞውን መርቶ ነው ወደ መድረክ የወጣው። ነገር ግን ከነባር የቀኝ ፓርቲዎች ጋር ተጣመረ፤ ሊመጣ ያለውን የዋጋ ድንጋጤም በግልጽ ተናገረ። ፉጂሞሪ ምርጫው ጥቂት ሳምንታት እስኪቀሩት በአስተያየት መለኪያዎች «ሌሎች» ከሚባሉት ውስጥ ነበር። የጃፓን ስደተኞች ልጅ ነው። ትራክተር እየነዳ በድሀ ሠፈሮች ዞረ፤ ሐቀኝነት፣ ቴክኖሎጂና ሥራ የሚል መፈክር ያዘ። ለአንደኛ ምክትልነት ከኩስኮ የተነሣ አነስተኛ አምራች፣ ለሁለተኛው የባፕቲስት ፓስተር አስመዘገበ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትና የጎዳና ነጋዴዎች መረብ ፓርቲ የሚሠራውን ሥራ ሠራለት። መጀመሪያው ዙር ላይ 29 በመቶ፣ ሁለተኛው ላይ 62 በመቶ አገኘ። በአገሪቱ ለዘመናት የነጭ ልሂቃን አገዛዝ የሰለቸው የደጋው መራጭ፣ መልኩ ከሊማ ባለጸጎች የተለየውን ሰው እንደ ራሱ ቆጥሮታል።

ከዚያ የሆነው ብዙ ተመራማሪዎችን አወዛግቧል። ፉጂሞሪ አላደርገውም ያለውን የዋጋ ድንጋጤ በነሐሴ 1990 አደረገው፤ ቤንዚን በአንድ ሌሊት ሠላሳ እጥፍ ገደማ ተወደደ። ይህም ሆኖ ንረቱ ስለወረደ ተወዳጅነቱ አልወደቀም። ሚያዝያ 5 ቀን 1992 ምክር ቤቱን በታንክ ሲዘጋ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ከ70 በመቶ በላይ ድጋፍ አሳዩ። በመስከረም የአማፂዎቹ መሪ አቢማኤል ጉስማን ሲያዝ ክርክሩ አለቀ። የፖለቲካ ሳይንቲስቶቹ ኬኔት ሮበርትስና ከርት ዌይላንድ ከዚህ ተነሥተው፣ ሕዝበኝነት (ፖፑሊዝም) መንግሥት ገንዘብ ከሚረጭበት ፖሊሲ ጋር ብቻ ይሄዳል የሚለውን የቆየ እምነት ሰበሩት፤ እንግዳ መሪ የገበያ ሥርዓትንም በዚያው ስልት ማስፈን ይችላል። ማስተካከያው ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ይሁንና ሚሌይን ለመረዳት የሚያስፈልገው ቁልፍ እሱ ነው።

ብራዚል፦ ያለፈለት ሰው ቅሬታ

ብራዚል ከላይ የተባለውን የሚያወሳስብ ጉዳይ ነው። በሉላ ዳ ሲልቫ የቀድሞ የፕሬዝዳንትነት ዘመን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከድህነት ወጥተዋል፤ ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። በሰኔ 2013 ግን በሳን ፓውሎ የ20 ሳንቲም የአውቶቡስ ታሪፍ ጭማሪ አገሪቱን አደባባይ አወጣት። ተቃዋሚው የሚጠይቀው ዳቦ አልነበረም፤ የዓለም ዋንጫ ስታዲየም በሚሠራበት ገንዘብ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ለምን አይሠራም የሚል ነበር። ከድህነት የወጣ ሰው ግብር ይከፍላል፤ ስለዚህ ሒሳብ ይጠይቃል።

በዚያው ዓመት የቤት ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ገደብና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚያስጠብቅ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ። ከዚያ በፊት የነጭና የጥቁር ተማሪዎችን ሚዛን የሚለውጥ የዩኒቨርሲቲ ኮታ ወጥቶ ነበር። የልዩነት መጥበብ ያላስደሰተው መደብ ነበር ማለት ነው፤ ቅሬታ ከታች ወደ ላይ ብቻ አይወጣም። በመጋቢት 2014 በኩሪቲባ የተጀመረው ላቫ ጃቶ የተባለ ምርመራ የመንግሥቱን የነዳጅ ኩባንያ ፔትሮብራስን፣ የግንባታ ድርጅቶችንና የሁሉንም ታላላቅ ፓርቲዎች ሰዎች አንድ መረብ ውስጥ አገኛቸው። ኦዴብሬሽት የተባለው የግንባታ ኩባንያ በ12 አገሮች ወደ 788 ሚሊዮን ዶላር ጉቦ መክፈሉን በ2016 አመነ። (የዚሁ ኩባንያ ጉዳይ ፔሩ ውስጥ አራት የቀድሞ ፕሬዝዳንቶችን ነክቷል።) ኢኮኖሚው በ2015 እና በ2016 በየዓመቱ ከሦስት በመቶ በላይ ሲሸማቀቅ፣ ሥራ አጥነት ከ13 በመቶ ሲያልፍ፣ በ2017 ደግሞ ከ60,000 በላይ ሰው ሲገደል፣ መራጩ ለአንዱም ችግር ንጹሕ እጅ ያለው ፓርቲ አላገኘም።

ቦልሶናሮ በመጀመሪያው ዙር ለእጩዎች ከሚታደለው የቴሌቪዥን ሰዓት የደረሰው በአንድ ፕሮግራም ጥቂት ሴኮንድ ነበር። አላስፈለገውም፤ ዋትስአፕና የቤተ ክርስቲያን መድረክ ነበረው። በሁለተኛው ዙር 55 በመቶ ድምፅ ሲያገኝ ጉልህ ድጋፉ ከተሻለ ገቢ ካላቸውና ከወንጌላውያን አማኞች ሲሆን፣ ደሀው ሰሜን ምሥራቅ የመረጠው ተቀናቃኙን ነው። እንግዳ መሪን የሚያነግሠው ድሀው ነው የሚለው ጥቅል አባባል እዚህ ላይ ይቆማል።

ኤል ሳልቫዶር፦ ሁለት ግብር የሚከፍል ደሀ

በኤል ሳልቫዶር ልዩነቱ የሚታየው በደኅንነት ላይ ነው። 75,000 ገደማ ሰው የጨረሰው የእርስ በርስ ጦርነት በጥር 1992 በቻፑልቴፔክ ስምምነት ሲያበቃ ተዋጊዎቹ ወገኖች ሁለቱ ገዢ ፓርቲዎች ሆኑ፤ የቀኙ አሬና እስከ 2009፣ የግራው ኤፍ.ኤም.ኤል.ኤን. እስከ 2019። በሎስ አንጀለስ ጎዳናዎች ተወልደው ከአሜሪካ በተባረሩ ወጣቶች የተሻገሩት ማራ ሳልቫትሩቻና ባሪዮ 18 የተባሉ የወሮበላ ቡድኖች በበኩላቸው ሠፈሮቹን ተከፋፈሉ። ባለጸጋው ዘብ ቀጥሮ በግንብ ውስጥ ይኖራል። እንጀራውን በጉሊት የሚያገኘው፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ የፀጉር ቤት ባለቤቷ ግን በየሳምንቱ ለወሮበላው «ሬንታ» ይገብራሉ፤ ወጣት ልጅ የአንዱን ሠፈር መንገድ ተሻግሮ ወደ ሌላው ከሄደ ይገደላል። በ2015 ከ6,600 በላይ ሰው ተገደለ፤ ከ100,000 ሰው ከ100 በላይ ማለት ነው። የገቢ መለኪያው እየተሻሻለ በነበረባት አገር ሕዝቡ ለምን እንደመረረው ለማወቅ ይህን ማየት ይበቃል።

የሁለቱም ፓርቲዎች መሪዎች በሙስና ተዘፈቁ። የአሬናው አንቶኒዮ ሳካ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማሸሻቸውን አምነው በ2018 ተፈረደባቸው፤ የግራው ፓርቲ ፕሬዝዳንት የነበሩት ማውሪሲዮ ፉኔስ ወደ ኒካራጓ ኮበለሉ። ቡኬሌ የሚለው አጭር ነበር፤ ካልሰረቁ ገንዘብ ይበቃል። በ37 ዓመቱ በመጀመሪያው ዙር 53 በመቶ አግኝቶ ሠላሳ ዓመት የተጠጋውን የሁለት ፓርቲ ሥርዓት ዘጋው። ግድያው ከእሱ በፊትም መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር በ2021 መጨረሻ ባወጣው ማዕቀብ መንግሥቱ ከወሮበላ መሪዎች ጋር በምስጢር ተደራድሯል ብሏል። በመጋቢት 2022 በሦስት ቀን 87 ሰዎች ሲገደሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ80,000 በላይ ሰው ታሰረ፤ አዋጁም በየወሩ እየታደሰ ቀጠለ። በ2024 መንግሥት የዓመቱን ግድያ 114 አድርጎ ሲመዘግብ፣ የመብት ድርጅቶች ደግሞ ወንጀል ሳይገኝባቸው የታሰሩትን በሺዎች፣ በእስር ቤት የሞቱትን በመቶዎች ይቆጥራሉ። ሁለቱም እውነት ነው። የቡኬሌ ተወዳጅነት ምስጢሩ ብዙው መራጭ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው በላይ መመዘኑ ነው፤ በ2024 ሕገ መንግሥቱ በወቅቱ ይከለክለው የነበረውን ተከታታይ ሁለተኛ ጊዜ ተወዳድሮ ከ80 በመቶ በላይ አግኝቷል።

ቅሬታ ፓርቲ ያገኘባቸው አገሮች

ተቃራኒ ምሳሌ ባይኖር ይህ ሁሉ ታሪክ እንጂ ማስረጃ አይሆንም ነበር። ኡራጓይ በ2002 ባንኮቿ ተዘግተው፣ ኢኮኖሚዋ ተንኮታኩቶ፣ ወጣቶቿ ወደ ስፔን ይጎርፉ ነበር። በ2004 ግን መራጩ ፊቱን ያዞረው ከ1971 ጀምሮ በየሠፈሩ ኮሚቴ አደራጅቶ ወደ ቆየው የግራ ጥምረት ፍሬንቴ አምፕሊዮ ነው። ኋላ በአሮጌ ቮልስዋገኑ የታወቀው ሆሴ ሙሂካ እንኳ ለእንግዳነት የሚመች ገጽታ እያለው በፓርቲው መሰላል ወጥቶ ነው ፕሬዝዳንት የሆነው። አርጀንቲናም በ2001 መጨረሻ ሕዝቡ ሁሉም ይሂዱ እያለ ድስት ሲደበድብ እንግዳ መሪ አላነገሠችም፤ ነባሩ የፔሮን ንቅናቄ ቁጣውን ዋጠው። ሚሌይ የመጣው ፔሮናውያኑም የተቀናቃኞቻቸው ጥምረትም ተራ በተራ ሞክረው ከወደቁ በኋላ፣ የዋጋ ንረቱ ከ140 በመቶ ሲያልፍና ከአሥር ሰው አራቱ ከድህነት መስመር በታች ሲውሉ ነው።

ቦሊቪያ በመሀል ትቆማለች። ሞራሌስ ለዋና ከተማው ልሂቃን እንግዳ ይሁን እንጂ ለኮካ ገበሬዎች ማኅበርና ለአይማራና ኬችዋ ንቅናቄዎች የቤት ልጅ ነበር። በ2000 በኮቻባምባ የውኃ አገልግሎት ወደ ግል መዛወሩን፣ በ2003 የጋዝ ሽያጩን ተቃውሞ የታገለ ድርጅት ይዞ መጣ። ስለዚህ ከፉጂሞሪ የሚለየው በግራና በቀኝነት ብቻ ሳይሆን ከጀርባው የሚጠይቀው ሕዝብ በመኖሩ ነው፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት።

ከቤተ መንግሥት በኋላ

እንግዳ መሪ ብዙውን ጊዜ በምክር ቤት ብቻውን ነው። ፉጂሞሪ ከ180ው የታችኛው ምክር ቤት ወንበሮች 32 ብቻ ነበሩት፤ ሚሌይ ከ72ቱ ሴናተሮች ሰባት። የፖለቲካ ሳይንቲስቱ ኹዋን ሊንዝ በ1990 እንዳስጠነቀቀው፣ በፕሬዝዳንታዊ ሥርዓት መሪውም ምክር ቤቱም በየራሳቸው የሕዝብ ውክልና ስላላቸው ሲጋጩ የሚዳኛቸው የለም። መንገዶቹ ጥቂት ናቸው፤ መደራደር፣ ምክር ቤቱን መዝጋት፣ ወይም በሕዝብ ድምፅ ሕገ መንግሥቱን መለወጥ። ቻቬዝና ኮሬያ ሦስተኛውን መረጡ። ቡኬሌ በየካቲት 2020 ወታደር አስከትሎ ምክር ቤት ከገባ በኋላ ምርጫውን ጠበቀ፤ በ2021 አዲሱ ፓርቲው ከ84 ወንበሮች 56 ሲያገኝ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የሕገ መንግሥት ዳኞቹን አሰናበተ። ሁለተኛው መንገድ አቅም ይጠይቃል። በ2021 በፔሩ የተመረጠው የገጠር መምህር ፔድሮ ካስቲዮ በመጀመሪያው ዙር ያገኘው 19 በመቶ ያህል ነበር፤ በታኅሣሥ 2022 ምክር ቤቱን በትኛለሁ ብሎ ባወጀ በሰዓታት ውስጥ ከሥልጣን ተነሥቶ ታሰረ።

ልዩነቱን በተመለከተ ውጤቱ ተመሳሳይ አይደለም። በቬኔዝዌላ ነዳጅ በተወደደባቸው ዓመታት ድህነት በእጅጉ ቀነሰ፤ ዋጋው ሲወድቅና ምርቱ ሲበላሽ ኢኮኖሚው ሦስት አራተኛውን ያህል አጣ፤ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰውም ተሰደደ። በቦሊቪያ መሻሻሉ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። በፔሩ ኢኮኖሚው ቢያድግም ከሠራተኛው ሰባ በመቶ የሚሆነው ያለ ውልና ያለ ጡረታ መሥራቱን ቀጠለ፤ ፓርቲዎቹም ዳግም አልተነሡም። ፓርቲ በሌለበት አገር እያንዳንዱ ምርጫ ለአዲስ እንግዳ ክፍት ነው።

እንግድነት ደግሞ ያረጃል። ቦልሶናሮ በ2022 ተሸንፎ በመስከረም 2025 መፈንቅለ መንግሥት በማሤር 27 ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደበት። የሞራሌስ ፓርቲ ሃያ ዓመት ያህል ከገዛ በኋላ በነዳጅና በዶላር እጥረት፣ በውስጥ ሽኩቻም ተዳክሞ በነሐሴ 2025 ምርጫ ከሦስት በመቶ ብዙ ያልራቀ ድምፅ አገኘ። ያሸነፈው ሮድሪጎ ፓስ የቀድሞ ፕሬዝዳንት ልጅ ነው። ከጎኑ ለምክትልነት የቆመው ኤድማን ላራ ግን የአለቆቹን ሙስና በቲክቶክ ቪዲዮዎች ያጋለጠ የቀድሞ የፖሊስ መኮንን ነበር።